አጋዘን ሲጠሩት

ለመሆኑ አጋዘን ተጠርቶ ይመጣል? ነገሩ የተነሣው ዶርም ውስጥ ነው። አንዱ ጓደኛችን የፈረንጅ አዳኝ ቀንድ ነፍቶ ዋላ ሲያመጣ በፊልም ማየቱን አጫወተን። የቶንጎው ልጅ ሳቀና፣ «እኛ ዘንድ ቢነፉለት ይሸሻል እንጂ መች ይመጣል!» አለ። ተከራከርን፤ በማግሥቱም ቤተ መጻሕፍት ገብተን ነገሩን አገላበጥነው።

ለካስ ሁለቱም ልክ ናቸው። የአውሮፓ ዋላ ስሪያው የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ወንዱ ያገሳል፤ የተቀናቃኙን ድምፅ የሰማ እንደሆነ ጥንቃቄውን ጥሎ ለጠብ ይመጣል። አዳኙ በከብት ቀንድ አስመስሎ የሚያታልለው በዚህ ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችም የዛፍ ልጥ እንደ ጡሩምባ ጠቅልለው፣ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ ዋላ በሴቲቱ ድምፅ ይጠሩታል።

እኛ አገር ግን ዋላ የለም። ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው የዋላ ዘር በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ብቻ ነው። የእኛዎቹ አጋዘን፣ ድኩላና ቆርኬ ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። አጋዘን ሲጮህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «አደጋ አለ!» ማለቱ ነው። እንዲህ ሲባል አፍሪካዊ አዳኝ አውሬ መጥራት አያውቅም ማለት አይደለም፤ የመካከለኛው አፍሪካ ደን አዳኞች በአፍንጫ በሚወጣ ድምፅ ሚዳቋን እስከ እግራቸው ድረስ ያመጧታል። ጥበቡን የሚወስነው የአውሬው ጠባይ ነው።

እንግዲህ ወደ ቶንጎ እንመለስ። የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤንሻንጉል ከዘመቱ ወዲህ ከዚያ ምዕራብ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ መሐል አገር ይጎርፍ ነበር። ባሪያ ፈንጋዩ ማኦውንና ኮሞውን ያድን ነበር። አውሬ አድኖ የሚኖረው ሰው ራሱ ታዳኝ ሆነ! ጫካውን ማዳመጥ ለእሱ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነበር። እኛ ግን የአደን ታሪክ ሲነሣ የምናውቀው የገዳዩን ፉከራና ቅቤ መቀባቱን ነው። ዱካ ያወጣው፣ ነፋሱን ያየው፣ ጥርሱን የተሸከመው ሰው ስሙ የለም።

ሕጉም ቀስ እያለ መጣ። የአራዊት ጥበቃ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የዱር አራዊት ደንብ በ1972፣ አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ወጡ። ስሪያ ላይ ያለ አውሬ ጠላቱን ይረሳል፤ ያን ጊዜ የሚተኩስ ሰው የሚገድለው የከርሞውንም ግልገል ጭምር ነው።

የቶንጎው ልጅ መጨረሻ ላይ፣ «አሁንስ ማን ቀረና ነው የምትጠሩት?» አለን። መልስ አልነበረንም። ቢያንስ ያንን ስም አልባ አዳኝ ከአዛውንቶች አፍ ጠይቀን እንጻፈው፤ እነሱም ካለፉ ጠርተን የምናመጣቸው አይደሉም።