የራስ ዳሸን ቁጥሮች

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ራስ ዳሸን፣ ወይም ራስ ደጀን፣ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ከፍታው ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ መጽሐፉና እንደ ተማሪው ዘመን ይለያያል። ለብዙ ዓመታት በትምህርት መጻሕፍት ሲጻፍ የኖረው 4,620 ሜትር ነው። በሌሎች ካርታዎችና መድብሎች 4,550፣ 4,543 እና 4,533 ሜትር የሚሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት 87 ሜትር ነው፤ ይኸውም የ25 ፎቅ ሕንፃ ቁመት ያህላል። ተራራው በዚህ ሁሉ ጊዜ አላደገም፣ አልጎደለምም። የተለዋወጠው የመለኪያው መሣሪያ፣ የስሌቱ ዘዴና የልኬታው መነሻ ነው። ስለሆነም የእነዚህን ቁጥሮች ታሪክ መከታተል ለመሐንዲሱ፣ ለቀያሹና ለኮምፒዩተር ባለሙያው ከአንድ ተራራ ታሪክ የሰፋ ቁም ነገር አለው።

የቀድሞ ምስክሮች

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ በኩል የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የሚወርድ መንገደኛ የመሸሃን ወንዝ ሸለቆ ያቋርጣል። ከሸለቆው ማዶ ምድሩ እንደገና ወደ ላይ ይነሣል፤ ራስ ዳሸን የሚገኘውም በዚያ ወገን ነው። የዚህ አገር ብርድና ከፍታ በጽሑፍ ከተመዘገበ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በስድስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ተቀርጾ ያገኘውንና የገለበጠውን ጽሑፍ ስንመለከት፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ስሜኖች ይገኙበታል፤ ተራሮቻቸውም ለመውጣት እጅግ አስቸጋሪ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰምጥ እንደ ነበረ ጽሑፉ ያስረዳል።

ይህን የመሰለ ምስክርነት ግን ሁሉም ሰው አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በስሜን በረዶ አለ የሚለውን ወሬ አላመነም። በ1832 ስሜንን ያቋረጠው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ግን የቦታዎችን ከፍታ በባሮሜትር ለመለካት ሞከረ፤ ለዋልያም የሳይንስ ስም የሰጠው እርሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 ወደ ራስ ዳሸን ወጡ። እንግዲህ ክርክሩ በወሬና በእምነት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መሣሪያና ወደ ቁጥር ተሻገረ ማለት ነው።

አንቷን ዳባዲ

የቁጥሩን ነገር ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የያዘው አንቷን ዳባዲ ነበር። ዳባዲ በ1810 ደብሊን ከተማ ከአየርላንዳዊት እናትና ከባስክ አባት ተወለደ። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ እስከ 1848ም ድረስ ከሰሜን እስከ ከፋ ተመላለሰ። ከ200 በላይ የግዕዝ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ በ1881ም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይሁን እንጂ የሕይወቱ ዋና ሥራ አድርጎ የቆጠረው የአገሪቱን ተራሮችና ከተሞች ቦታ በሒሳብ መወሰንን ነበር።

ዘመኑ ለቀያሽ የሚመች አልነበረም። መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ስሜንንና ትግራይን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ እርሳቸውም በየካቲት ወር 1855 በጃናሞራ በደራስጌ ጦርነት በካሣ እጅ ወደቁ፤ ካሣም በደራስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በእንዲህ ያለ ዘመን በተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ በብረትና በመስተዋት የተሠራ መሣሪያ ወደ ሰው አገር የሚያነጣጥር እንግዳ ቢጠረጠር የሚያስገርም አይሆንም።

በአውሮፓ የታወቀው የሦስት ማዕዘን ቅየሳ የመንግሥትን ክንድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በመጀመሪያ አንድ ቀጥተኛ የመነሻ መሥመር በሜዳ ላይ በጥንቃቄ ይለካል፤ ከዚያ በየተራራው ጫፍ ላይ ምልክት ይተከላል፤ ብዙ ሰዎችም ለብዙ ዓመታት ይደክማሉ። ዳባዲ ይህ ሁሉ አልነበረውም። ስለዚህ ፈጣን የሆነ ሌላ ዘዴ መረጠ። ምልክት የሚተክል ሠራተኛ ስላልነበረው አምባዎቹንና የተራራ ጫፎቹን ራሳቸውን እንደ ምልክት ወሰዳቸው። በደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ሁሉ ቴዎዶላይቱን አቁሞ በዙሪያው ወደሚታየው ጫፍ ሁሉ ማዕዘን ይለካል፤ ስሙንም ከአገሩ ሰው ጠይቆ ይመዘግባል። የሰሜንን አቅጣጫ ከፀሐይ፣ ኬክሮሱን ከፀሐይና ከከዋክብት ያገኛል።

የመነሻ መሥመር ሳይለካ ርቀት እንዴት ተገኘ? በዚህ አካባቢ 1 ዲግሪ ኬክሮስ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 1 ደቂቃውም 1.84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሁለት ተራሮች ኬክሮስ ከታወቀ፣ አንዱ ከሌላው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገኝም ከተለካ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀላል የትሪጎኖሜትሪ ሒሳብ ይወጣል። ዘዴው ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚዘረጋ መሥመር ጠንካራ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ለሚዘረጋው ደካማ ነው። ይህን ድካም የሚያቃናው የምልከታው ብዛት ነው፤ አንዱ ጫፍ ከብዙ ጣቢያዎች ሲታይ ስሕተቱ ይገለጣልና። በዚህ አኳኋን ከ800 የሚበልጡ ቦታዎች ተወሰኑ።

የከፍታው ነገር

ዳባዲ በ1848 ራስ ዳሸን ላይ ወጣ፤ ከፍታውንም ወደ 4,600 ሜትር ገመተ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ለቆ ሄደ። ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ ከመቶ 2 አይሞላም። ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ለመረዳት የዘመኑን ችግር ማየት ይበቃል።

በዚያ ዘመን ተጓዦች ከፍታን ከሚገምቱባቸው መንገዶች አንዱ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ በራስ ዳሸን ጫፍ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በቴርሞሜትሩ ንባብ ላይ የምትገኝ የ1 ዲግሪ አንድ አሥረኛ ስሕተት ከፍታውን በ30 ሜትር ያህል ታዛባለች። ከሩቅ በማዕዘን መለካትም የራሱ ጣጣ አለው። በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የ1 ደቂቃ የማዕዘን ስሕተት 17 ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህም ሌላ መሬት ክብ በመሆኗ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ተራራ 785 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። በአየር ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ደግሞ ስለሚጎብጥ 100 ሜትር ያህሉን መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም ጉብጠት በማለዳና በቀትር፣ በብርድና በሙቀት ይለያያል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነበር፤ የመሬትን ክብነት ሒሳብ ይይዘዋል፣ የአየርን ጠባይ ግን የሚይዘው ልምድ ብቻ ነው።

ስሌቱና ስሕተቱ

ዛሬ ኮምፒዩተር የምንለው ቃል ቀድሞ የሰው ሥራ መጠሪያ ነበር፤ በሎጋሪዝም ሰንጠረዥና በብዕር የሚያሰላ ሰው ማለት ነው። ለዳባዲ ይህን ሥራ የሠራለት የከዋክብት ተመራማሪው ሩዶልፍ ራዶ ነበር። የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለው መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1873 ድረስ በክፍል በክፍል ታተመ። የአሥር ዓመት ምልከታ ተሰልቶና ተጣርቶ ለመታተም 25 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ውጤቶች ብቻ አልተጻፉም፤ በየጣቢያው የተነበቡት ማዕዘኖችም ከነዝርዝራቸው ታትመዋል። ማንም የሚጠራጠር ሰው ስሌቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና መሥራት ይችላል።

የዚህ ጥንቃቄ ጥቅም የሚታየው ዳባዲ በሌላ ጉዳይ ላይ በተሳሳተ ጊዜ ነው። እርሱ የነጭ ዓባይ ምንጭ ጊቤ ነው ብሎ አምኖ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ከፋ ደርሻለሁ ማለቱን ጭምር ተጠራጠረው፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውንም ሜዳይ መለሰ። ፍጻሜው ለሁለቱም ተገቢውን ፍርድ ሰጠ። ዳባዲ በእርግጥ ከፋ ደርሶ ነበር። ግምቱ ግን ስሕተት ነበር፤ የጊቤ ውኃ በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ በ1896 የቪቶሪዮ ቦቴጎ ጉዞ አረጋገጠ። የተሳሳተው ትርጓሜ ሲወድቅ የተመዘገቡት ማዕዘኖች አብረው አልወደቁም፤ ቁጥሩና አስተያየቱ ተለይተው ተጽፈው ነበርና።

በፈረንሳይ ጠረፍ በአንዳይ ባሠራው ግንብም ይኸው ጠባዩ ይታያል። ዳባዲ ክቡን በ360 ዲግሪ ፈንታ በ400 እንዲከፈል የሚሟገት ሰው ነበር፤ አሥር በአሥር መቁጠር ስሌትን ያቃልላል ባይ ነውና። በግንቡ ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ አቋቋመ፤ ግንቡንም ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ ቃል አስገባ። በስሜን ያስቸገረውን የብርሃን ጉብጠት ለማጥናትም የግንቡን ግድግዳዎች አስቦርቡሮ ከሩቅ ያለውን የላ ሩን ተራራ በቀዳዳዎቹ ለማየት ሞከረ። ሙከራው አልተሳካም። እርሱም ቀዳዳውን ደፍኖ ነገሩን ከመሸሸግ ይልቅ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ በቦታው ላይ አስጻፈ።

የዛሬው ልኬታ

በየካቲት 2000 ኤንዴቨር የተባለችው መንኩራኩር በ11 ቀን ጉዞ የአብዛኛውን የምድር ክፍል ከፍታ በሬዳር ለካች። ውጤቱ ለማንም ክፍት ነው። ራስ ዳሸን ያለበት፣ በሰሜን ኬክሮስ 13 እና በምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ የሚጀምረው ፋይል 1,201 ረድፍና 1,201 ዓምድ፣ በድምሩ 1,442,401 ቁጥሮች ይዟል። የማወቅ ጉጉት ያለው ፕሮግራመር አሥር መሥመር የማይሞላ ፕሮግራም ጽፎ ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ማግኘት ይችላል። ራዶ በዓመታት የደከመበት ዓይነት ሥራ እንዲህ ቀሏል።

ነገር ግን የተገኘው ቁጥር ምንድን ነው? በዚህ ፋይል አንዱ ቁጥር ከጎረቤቱ የሚርቀው 90 ሜትር ያህል ነው፤ የሹል ድንጋይ ጫፍ በዚያ ስፋት ውስጥ ተደባልቆ ዝቅ ይላል። በገደላማ ተራሮችም ሬዳሩ ሳያያቸው የቀሩ ቦታዎች በኋላ በግምት የተሞሉበት ጊዜ አለ። በእጅ የሚያዝ የሳተላይት መቀበያም ቢሆን በመሠረቱ የሚለካው ከአንድ የሒሳብ ቅርጽ በላይ ያለውን ከፍታ ነው። ያ ቅርጽ ከባሕር ወለል ጋር ያለው ልዩነት በዓለም ዙሪያ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ፣ በሌላው ከ100 ሜትር በላይ ይደርሳል።

በአግድሙም በኩል ተመሳሳይ ችግር አለ። የአገራችን 1 ለ50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት ከአዲንዳን ጣቢያ በተነሣ ሥርዓት ነው። ሳተላይቱ የሚሰጠው አድራሻ በሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሳይታረሙ በአንድ ወረቀት ላይ ቢውሉ በስሜን አካባቢ ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋሉ። በሜዳ አገር ይህ ቸል ሊባል ይችል ይሆናል። በሊማሊሞ ጥምዝ ወይም በመሸሃ ሸለቆ ግን 100 ሜትር ማለት መንገዱን ከገደሉ አፍ ወደ ገደሉ ውስጥ ማውረድ ነው። ማሽኑ በዚህ ጊዜ ምንም የስሕተት ምልክት አያሳይም፤ ሁለቱም ቁጥሮች በየራሳቸው ሥርዓት ትክክል ናቸውና።

ከዚህ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት የሚተርፈው ነገር ለሥራ የቀረበ ነው። በዘገባ ላይ የሚጻፍ ከፍታም ሆነ አድራሻ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ከየትኛው መነሻ፣ በማን እንደተለካ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። የመስክ ደብተር ሥራው ሲያልቅ የሚጣል ወረቀት መሆን የለበትም፤ በኮምፒዩተር የተሠራው ስሌትም ከነፕሮግራሙ መቀመጥ አለበት። ከ170 ዓመት በፊት በአንድ ቴዎዶላይት የተነበቡ ማዕዘኖች ዛሬም እንደገና ሊሰሉ ይችላሉ፤ ከዚያ ብዙ ዘግይተው የተለኩ ስንት መንገዶችና ድልድዮች ግን ከመጨረሻው ቁጥር በቀር የቀረላቸው መዝገብ የለም።

የቦታ ስምም ከቁጥሩ እኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳባዲ የተራሮቹን ስም ያገኘው ቋንቋቸውን ተምሮ ከነዋሪዎቹ ነው። ዛሬ ካርታ ከሰማይ ይነሣል፤ ሰማይ ግን ስም አያውቅም። ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን ለቅየሳ የሚሄድ ባለሙያ የጃናሞራን እረኛ የጫፉን ስም ጠይቆ በደብተሩ ላይ ቢያሰፍር፣ ከመቀበያው ቁጥር ጎንም የመነሻውን ሥርዓት ቢጽፍ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ሥራውን እንደ አዲስ ሳይጀምር ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል።