ባለማርሽ ብስክሌትና ትንሽ ልጅ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ልጅዎ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሞላው እንደ ሆነ፥ ደመወዝ በሚቀበሉበት ሳምንት አንድ ጥያቄ ሳያቀርብልዎ አይቀርም፤ ይኸውም ማርሽ ያለው ብስክሌት እንዲገዙለት ነው። የጎረቤት ልጅ ተገዝቶለታልና። እርስዎም ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት፥ ይህ ማርሽ የሚባለው ነገር ከየት እንደ መጣና ለማን ተብሎ እንደ ተሠራ ጥቂት ቢያውቁ ገንዘብዎ በከንቱ አይባክንም። እኔ ሳላውቅ ገዝቼ የደረሰብኝን ኋላ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ፎን ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ በ1817 በማንሃይም ከተማ ከእንጨት የሠራውን ባለሁለት መንኰራኵር ሲነዳ፥ ፔዳልም ካቴናም አልነበረውም፤ ነጂው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄድ ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ፔዳል በፊተኛው መንኰራኵር ላይ ተገጠመ። በዚህ አሠራር ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፥ ፍጥነት የፈለገ ሰው መንኰራኵሩን ከማሳደግ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረውም። የፊቱ ጎማ ሰው ሊያህል ጥቂት የቀረው፥ የኋላው ግን ትንሽ የሆነው የ1870ዎቹ ብስክሌት የተወለደው ከዚህ ስሌት ነው። የፊት መንኰራኵሩ 50 ኢንች የሆነ እንደ ሆነ በአንድ የፔዳል ዙር 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነገር ግን የመንኰራኵሩ ትልቅነት በነጂው እግር ርዝመት የተወሰነ ስለ ነበረ፥ እግረ ረጅሙ ፈጣን፥ እግረ አጭሩ ቀርፋፋ ሆነ፤ ልጅማ ከነጭራሹ ከጨዋታው ውጭ ነበረ።

ይህን ያስተካከለው ካቴና ነው። ጆን ኬምፕ ስታርሌይ በ1885 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት አወጣ፤ በዚህም ፔዳሉ በመካከል ሆኖ የኋላውን መንኰራኵር በካቴና አዞረ። ከዚያ ወዲህ የሚሄደውን ርቀት የሚወስነው የመንኰራኵሩ ትልቅነት ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ የፊትና የኋላ ጥርሶች ቍጥርም ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1888 በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ አስመዘገበ። ሮበርት ቶምሰን በ1845 ያወጣው ተመሳሳይ አሳብ ተረስቶ ቀርቶ ነበር። ደንሎፕ ጎማውን መጀመሪያ የሞከረው በትንሽ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ላይ ነው። የልጅን ብስክሌት ጉዳይ እንደ ተራ ነገር የሚቈጥር ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

ጥርሶችን በመለዋወጥ ዳገቱን ቀላል፥ ሜዳውን ፈጣን ማድረግ እንደሚቻል ከታወቀ በኋላ ግን ክርክር ተነሣ። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም በ1902 ገደማ ስተርሜይ አርቸር የተባለው፥ ሦስት ማርሽ በኋላ መንኰራኵር እምብርት ውስጥ የደበቀው መሣሪያ ተገኘ። በፈረንሳይ አገርም በሴንት ኤትየን የሚኖረው ፖል ደ ቪቪ በጋዜጣው ስለ ማርሽ ጥቅም ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተ። በ1903 የተጀመረው የፈረንሳይ ዙር ውድድር መሥራች ሄንሪ ዴግራንጅ ግን ማርሽ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት ላለፈ ሰዎች የሚገባ ነው ብሎ ናቀው፤ ተወዳዳሪዎቹም ማርሽ መለዋወጫ እንዲይዙ የተፈቀደላቸው በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ዳገት ሲደርሱ ይወርዱና የኋላውን መንኰራኵር አውልቀው በሌላው ጎኑ ወዳለው ትልቅ ጥርስ ገልብጠው ይገጥሙ ነበር። ከሚፈሯቸው ተራሮች አንዱ ቱርማሌ 2,115 ሜትር ከፍታ አለው፤ የኛ አዲስ አበባ መሀል ከተማዋ ከዚያ ጫፍ ትበልጣለች።

ዴግራንጅ የናቀበት ምክንያት ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ነው። ማርሽ በእርግጥ ኃይል ላነሰው ሰው የተሠራ ነው፤ ከሕፃን ይልቅ ኃይል ያነሰው ደግሞ ማን አለ? ዳሩ ግን ማርሽ ወደ ልጆች በደረሰ ጊዜ እንደ ጌጥ ሆኖ ደረሰ። በአሜሪካ በ1963 ስቲንግ ሬይ፥ በእንግሊዝም በ1970 ራሌይ ቾፐር የተባሉት የልጆች ብስክሌቶች ለገበያ ቀረቡ። ቾፐር ሦስት ማርሽ ነበረው፤ ማርሹም የሚለወጠው እንደ መኪና በመካከል በቆመ ዘንግ ነበር። ልጆች እጅግ ወደዱት፤ ክብደቱ ግን ለዳገት የሚመች አልነበረም።

እኔም የተሳሳትኩት በዚሁ ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ «21 ማርሽ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን፥ ጎማው 24 ኢንች የሆነ ብስክሌት ለስድስት ዓመት ልጄ ገዛሁ። ልብስ ሰፋ አድርገን እንደምንገዛ ሁሉ «ያድግበታል» ብዬ ነበር። ልጁ 20 ኪሎ፥ ብስክሌቱ 14 ኪሎ። መለዋወጫው ስለ ጠጠረበት ማርሹ በከባዱ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ልጄ ብስክሌቱን እየገፋ ሲወጣ በመስኮት ሳየው ሰነበትኩ። በሁለተኛው ወር መግፋቱንም ተወ፤ ብስክሌቱ የልብስ ማስጫ ሆነ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ የማርሹን ብዛት ትተው ጥርሱን ይቍጠሩ። ባለ20 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። የፊቱ 32 ጥርስ፥ የኋላው 16 ቢሆን ፔዳሉ በአንድ ዙር 3 ሜትር ይወስዳል፤ ለሜዳ ይበቃል። የኋላው ትልቁ 32 ከሆነ 1 ሜትር ከግማሽ ብቻ ይሆናል፤ ልጅ ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው። የፊት ጥርስ አንድ ከሆነ ልጁ ግራ አይጋባም። ልጁ በብስክሌቱ ላይ እንደ ፈረሰኛ ቆሞ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ሙሉ በሙሉ ይርገጡ። ገንዘብ ሳይከፍሉም ማርሹን በራሱ እጅ ይለውጥ፤ ፍሬኑንም በራሱ ጣት ይጨብጥ። እጁ ካልቻለ፥ ባለሱቁ ምንም ቢል አይቀበሉ። የትንሽ ጎማ ማርሽ መለዋወጫ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ድንጋይ ያገኘዋልና፥ መንገድዎ ኮረኮንች ከሆነ በእምብርት ውስጥ ያለው ማርሽ ይሻላል።

ቤት ሲገባ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ፔዳሉን በእጅዎ እያዞሩ ማርሹን ይለዋውጡ። በመለዋወጫው ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ያገኛሉ፤ አንደኛው ካቴናው ወደ ራጂው እንዳይገባ፥ ሁለተኛው ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ድንበር ናቸው፤ በካቻቪቴ በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክሏቸው። ሺማኖ በ1984 ካወጣው አሠራር ወዲህ ማርሽ «ቀጭ» እያለ በየቦታው ይቀመጣል፤ ይህም የሚሆነው የሽቦ ገመዱ በልኩ ሲወጠር ነው። ለልጁም ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር፥ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ እያዞረ እንዲለውጥ ያስተምሩት፤ የእምብርቱ ማርሽ ከሆነ ግን ማዞሩን ለአፍታ ያቁም።

አዲስ ገመድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይላላል። ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ሲያመነታ፥ ገመዱ ወደ መለዋወጫው በሚገባበት ጫፍ ያለችውን በጣት የምትዞር ብሎን በሰዓት ዘንግ ዙረት ተቃራኒ ግማሽ ዙር ማዞር ይበቃል። በሁለተኛው፥ በትንሹ ብስክሌት፥ ይህን ሥራ የወሰደው ልጄ ነው፤ እኔ ፔዳል አዟሪ ሆኛለሁ።