የሬም እንቅልፍ የባህርይ መታወክ

የሬም እንቅልፍ የባህርይ መታወክ ሰው በሕልሙ የሚያየውን በአካሉ የሚፈጽምበት የእንቅልፍ ችግር ነው። ሬም ዓይን በቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚንቀሳቀስበትና ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ የአንጎል ግንድ ወደ ጡንቻዎች የሚሄደውን ትእዛዝ ስለሚያግድ ጤናማ ሰው ሕልሙን ተኝቶ ያያል። እገዳው ሲላላ ግን ይጮኻል፣ በቡጢ ይማታል፣ ከአልጋ ይወድቃል።

ቤተሰብ ነገሩን «ቅዠት ነው» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። በእንቅልፍ ልብ መሄድ በልጆች ላይ ይበዛል፤ ሌሊቱ ሳይገፋም ይከሰታል። የሬም እንቅልፍ መታወክ ግን በአብዛኛው ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ፣ ወደ ንጋት ይበረታል። የተኛው ሰው ሲቀሰቅሱት ቶሎ ነቅቶ አውሬ ወይም ሌባ ሲከላከል እንደነበር ይናገራል።

ተመራማሪው ሚሼል ዡቬ በፈረንሳይዋ ሊዮን የአንጎል ግንዳቸው በከፊል የተጎዳ ድመቶች ተኝተው ሲያድኑና ሲጣሉ አሳይቶ ነበር። በሰው ላይ ችግሩን እ.ኤ.አ. በ1986 በዝርዝር የገለጹት የሚኒሶታዎቹ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ ናቸው። ከ10 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሐኪሞች ይበልጥ አሳሳቢ ነገር ዘገቡ፤ ከተከታተሏቸው 29 ወንዶች 38 በመቶው የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም ይዟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ችግሩ ያለባቸውን 1,280 ሰዎች ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ በ12 ዓመት ውስጥ ፓርኪንሰን፣ የሌዊ ቦዲ የመርሳት በሽታ ወይም ተመሳሳይ ሕመም የመያዝ ዕድሉን ከ73 በመቶ በላይ አድርሶታል።

ምክንያቱ አልፋ ሳይኑክሊን የተባለው ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ መከማቸቱ ነው። ተመራማሪው ሃይኮ ብራክ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረበው ገለጻ መሠረት ክምችቱ ከአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ የእንቅልፉ ሥርዓት እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ይናጋል። የማሽተት ችሎታ መቀነስና የሆድ ድርቀትም አብረው ሊታዩ ይችላሉ።

በሕልሙ የሚማታ ሁሉ ግን የነርቭ ሕመምተኛ አይደለም። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ፤ በእንቅልፍ ውስጥ የአተነፋፈስ መቆራረጥም ያንኑ ሊመስል ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው ሌሊቱን ሙሉ የአንጎል ሞገድ፣ የጡንቻ እንቅስቃሴና አተነፋፈስ በሚመዘገብበት ምርመራ ነው። ሜላቶኒን ወይም ክሎናዜፓም መማታቱን ያስታግሳሉ፤ የበሽታውን ግስጋሴ የሚያቆም መድኃኒት ግን እስካሁን የለም። ስለታምና ተሰባሪ ዕቃ ከአልጋው አጠገብ ይነሣ። ወደ ነርቭ ሐኪም ሲኬድም የትዳር አጋር አብሮ ይሂድ፤ ሌሊት የሆነውን ያየው እሱ ነውና።