የካስፒያን ፈረስ፦ በሁለት ጎተራ የተረፈ ዘር

እ.ኤ.አ. በ1965 በሰሜን ኢራን፣ በአሞል ከተማ፣ ጋሪ የሚጎትት አንድ ትንሽ ፈረስ የሉዊዝ ፊሩዝን ዐይን ሳበ። ወይዘሮዋ በአሜሪካ ተወልደው ኢራናዊ ያገቡ፣ በቴህራን አቅራቢያም የግልቢያ ትምህርት ቤት የመሠረቱ ነበሩ። ይፈልጉ የነበረው ለሕፃናት የሚመች አጭር ፈረስ ነው፤ ያገኙት ግን ጠፍቷል ተብሎ የታመነ ጥንታዊ ዝርያ ሆነ።

የካስፒያን ፈረስ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ቢያጥርም እንደ ድንክ ፈረስ ደንዳና አይደለም። አካሉ ቀጭን፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ዐይኑ ጎላ ያለ፣ ጆሮው አጭር ነው፤ የትልቅ ፈረስ ቅርጽ በትንሽ አካል ተሰጥቶታል። ሰኮናው ጠንካራ በመሆኑ ብረት እምብዛም አያሻውም። ፈጣንና ጎበዝ ዘላይ ሆኖ ሳለ ጠባዩ ገራም ነው።

ስለ ጥንታዊነቱ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ማስረጃ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የዳርዮስ ማኅተም ነው። በማኅተሙ ላይ ንጉሡ አንበሳ የሚያድንበትን ሠረገላ የሚጎትቱት ፈረሶች ትናንሽ ናቸው። ይሁንና ማኅተም የዘር ሐረግ መዝገብ አይደለም፤ ቀራጩ ንጉሡን ለማግነን ሲል ፈረሶቹን አሳንሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጥንታዊነቱ ይልቅ ለእኛ የበለጠ የሚያስተምረው ከጥፋት የተረፈበት መንገድ ነው።

ፊሩዝ ባደረጉት ቅኝት በባሕሩ ዳርቻ የቀሩት ፈረሶች 50 ገደማ እንደሆኑ ገመቱ፤ ጥቂቶቹንም ገዝተው ማርባት ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ንጉሣዊው የፈረስ ማኅበር መንጋቸውን ጠቀለለው። እርሳቸውም ሁለተኛ መንጋ አቋቋሙ። ተኩላዎች አደጋ ሲጥሉበት የተወሰኑትን ወደ ብሪታንያ ላኩ፤ በዚህ ጊዜ ማኅበሩ ፈረስ ወደ ውጭ መላክን ከለከለ፣ በአገር ውስጥ የቀሩትንም ሰበሰበ። ዓላማው ጥበቃ ነበር፤ ውጤቱ ግን የአንድ ዝርያ ዕጣ በአንድ ተቋም ዕድሜ ላይ እንዲንጠለጠል ማድረግ ሆነ። በ1979 አብዮት ሥርዓቱ ሲወድቅ መንጋውም ተበተነ፤ ከፊሉ ለጭነት፣ ከፊሉ ለሥጋ ዋለ።

ከክልከላው በፊት የወጡት ፈረሶች ግን በብሪታንያ እየተመዘገቡ ተዋለዱ። ያም ሆኖ በውጭ ያለው መንጋ ብቻውን በቂ አልነበረም። ከጥቂት ወላጆች የሚራባ ዝርያ በሥጋ ዘመዳሞች መዋለድ ይዳከማል፤ አዲስ ደም የሚገኘው ደግሞ ከትውልድ አገሩ ብቻ ነው። በኢራን የቀሩት ፊሩዝ ከጦርነቱ በኋላ ከየመንደሩ የተረፉትን እንደገና አሰባሰቡ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ጥቂት ፈረሶችን ወደ ብሪታንያ ላኩ።

ስለ ቅርስ ጥበቃ ስንከራከር ብዙ ጊዜ «በአገር ይቆይ» ወይም «በውጭ ይዳን» በሚል ሁለት ጎራ እንከፈላለን። የካስፒያን ፈረስ ታሪክ ሁለቱንም ጎራዎች ያርማል። ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያከማቸ በአንድ እሳት ያጣዋል። በባዕድ ምድር የተረፈውም ከምንጩ ከተቆረጠ ውሎ አድሮ ይመነምናል። ፊሩዝ በ2008 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ኢራንን አልለቀቁም፤ በውጭ ያለው መንጋ ከምንጩ እንዳይቆረጥ ያደረገውም ይኸው መቆየታቸው ነበር።