የሲንጋፖር መስጂዶችና ጎረቤቶቻቸው

በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ ወደ ሲንጋፖር ይዘናችሁ እንሄዳለን። ይህችን የደሴት ከተማ የሚጎበኝ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው በሦስት ሕንጻዎች አናት ላይ መርከብ የተጫነ ወደሚመስለው ሆቴል፣ ወይም የአንበሳ ራስና የዓሣ ጅራት ኖሮት ውኃ ወደሚተፋው ሐውልት ነው። እነሱን ፎቶ ማንሳት ክፋት የለውም። እኛ ግን ወደ አሮጌዎቹ መንገዶች እንግባ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳውዝ ብሪጅ የሚባለው ጎዳና ያለው በቻይናዎች ሰፈር ውስጥ ነው። ሆኖም በዚሁ ጎዳና ላይ ከደቡብ ሕንድ ጠረፍ የመጡ፣ ቹሊያ የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴዎች በ1826 የመሠረቱት ጃማዕ መስጂድ ቆሟል። ጥቂት እርምጃ እንደሄዳችሁ በ1827 የተመሠረተውን የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ታገኛላችሁ። በአካባቢው ካሉት መንገዶች አንዱ «የመስጂድ መንገድ»፣ ሌላው «የቤተ መቅደስ መንገድ» ይባላል።

እንዲህ ያጎራበታቸው ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ራፍልስ በ1819 ከሱልጣን ሑሴንና ከተመንጎንግ ዐብዱረሕማን ጋር ተዋውሎ የንግድ ጣቢያ ከከፈተ በኋላ፣ በ1822 በታሰበው የከተማ ፕላን ሕዝቡ በየዘሩ እንዲሰፍር ተደረገ። ለሱልጣኑ፣ ለማላዮቹ፣ ለዐረቦቹና ለቡጊሶቹ የተመደበው ካምፖንግ ግላም የተባለው ሰፈር ነበር።

ዐረቦቹ በአብዛኛው ከየመን ሐድረመውት የፈለሱ ናቸው። ከመካከላቸው የተሪሙ ተወላጅ ሰዪድ ዑመር አልጁነይድ በ1820 የከተማይቱን የመጀመሪያ መስጂድ አሠሩ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የየመን ነጋዴዎችን ሱቅ የሚያስታውስ አድማጭ የእነዚህ ሰዎች ነገር አይገርመውም። የእኛን ፈጢራ የሚመስለው፣ በእንቁላልና በሥጋ የሚሞላው የሲንጋፖር «ሙርተባክ» ስሙን ያገኘው «ሙጠበቅ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው።

በካምፖንግ ግላም ጎልቶ የሚታየው የሱልጣን መስጂድ ነው። የመጀመሪያው በ1824 ተጀመረ፤ ዛሬ የምናየው በ1924 ተጀምሮ በ1932 ተጠናቀቀ። ባለ ወርቅ ቀለም ጉልላቱን ሁሉም ያያል። ከጉልላቱ ሥር ዙሪያውን የተደረደረውን ጥቁር ቀለበት ግን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የጠርሙስ ግርጌ ነው! ሀብታሞቹ ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ገንዘብ የሌላቸው ድሆች ባዶ ጠርሙስ አምጥተው ከሥራው እንዲካፈሉ ተደርጎ ነው። እኛ ከጉልላቱ ወርቅ ይልቅ ይህ በለጠብን።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ«ባሕር ዳርቻ መንገድ» የሐጃ ፋጢማ መስጂድ አለ። መንገዱ ስሙ ይኑረው እንጂ ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ ርቆ ሄዷል። ሐጃ ፋጢማ የመላካ ተወላጅ ነበሩ፤ የቡጊስ መስፍን አግብተው በመርከብ ንግድ የበለጸጉ እመቤት። ቤታቸው ሁለት ጊዜ ተዘረፈ፤ በሁለተኛው ጊዜ ሌቦቹ እሳት ለቀቁበት። እሳቸው ግን በአላህ ፈቃድ አንዳች ሳይነካቸው ተረፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘብ ቀጥሮ ቤቱን መልሶ ያሠራ ነበር። እሳቸው ለምስጋና ቦታውን ለመስጂድ ሰጥተው ገንዘባቸውንም ጨመሩ፤ መስጂዱም በ1846 ተሠራ። ሚናራው ስድስት ዲግሪ ያህል ዘሟል፤ ጎብኚው የሚመጣው ይህንኑ ዘመም ሚናራ ሊያይ ነው። ሐጃ ፋጢማ፣ ልጃቸውና የአልሰጋፍ ቤተሰብ የሆኑት ዐረቡ አማቻቸው በግቢው ውስጥ ተቀብረዋል። ረሒመሁሙላህ።

አስጎብኚ የማያነሳውን ታሪክ ደግሞ እናንሳ። ሐምሌ 21 ቀን 1964 የመውሊድ ሰልፍ በመካሄድ ላይ ሳለ በማላዮችና በቻይናዎች መካከል ግጭት ተነሣ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ 454 ቆሰሉ። የሰዓት እላፊ ታወጀ። በመስከረም እንደገና አገርሽቶ 13 ሰዎች ሞቱ። ከመቶ ዓመት በላይ ጎን ለጎን የቆሙት መስጂድና ቤተ መቅደስ ይህን አላስቀሩትም። በየሠፈሩ የሁሉም ወገን ሽማግሌዎች ያሉባቸው የዕርቅ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት ሲንጋፖር ከማሌዢያ ተለየች፤ ማላዮቹም ቻይናዎች በሚበዙባት አገር አናሳ ሆነው ቀሩ። በ2020 ቆጠራ ከ100 አዋቂ ነዋሪ 15 ያህሉ ሙስሊም ነበር።

መንግሥት አሮጌ መንደሮችን አፍርሶ ሕዝቡን ወደ ፎቅ ቤቶች ሲያዛውር የየመንደሩ መስጂድም አብሮ ፈረሰ። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በአንድ ሕንጻ ውስጥ የአንዱ ወገን ቁጥር ከተወሰነው እንዳይበልጥ ሕግ ወጣ። የራፍልስ ፕላን ተገለበጠ ማለት ነው። ጎረቤት በመመሪያ ሲመደብ የሚከፋው አለ፤ በኮታው ምክንያት ቤቱን ለመሸጥ የተቸገረም አልጠፋም። ሆኖም ከ1964ቱ ወዲህ ያን የመሰለ ደም አልፈሰሰም።

መስጂዱስ? ከ1975 ጀምሮ ሙስሊም ሠራተኞች በየወሩ ከደመወዛቸው ጥቂት ሳንቲም እያስቆረጡ ለመስጂድ ማሠሪያ ማዋጣት ያዙ። በዚህ ገንዘብ የመጀመሪያው በ1977 ቶዋ ፓዮ በሚባለው የፎቅ ሰፈር ተሠራ። ስሙንም «ሙሃጂሪን» አሉት። ጎብኚዎች እምብዛም አይደርሱበትም። ከሱልጣን መስጂድ የምድር ውስጥ ባቡር ይዞ መሄድ ግን ይቻላል።