ከሦስት ጉልቻ እስከ ሞቃት አየር መጥበሻ፦ የጋሞ ማድ ቤት ታሪክና የአዲስ ዕቃ ሚዛን

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዘወትር የሚጠቀሰው የሹማምንትን መለዋወጥ ለመተቸት ነው። ቃሉ በጥሬ ትርጉሙ ሲወሰድ ግን ስለ ወጡ ጣዕም እንጂ ወጡን ስለምትሠራው ሴት አንዳች የሚለው ነገር የለውም። ጉልቻ ሲለወጥ የማገዶው ሸክም፣ የጭሱ ብዛት፣ የሥራው ሰዓትና የሸክላ ሠሪዋ ገቢ አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህም አንድን አዲስ የማድ ቤት ዕቃ መግዛት ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ጥያቄ፣ ከላይ ሲያዩት የአንድ ቤተሰብ የኪስ ጉዳይ ቢመስልም፣ ውስጡ የኅብረተሰብ ታሪክ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ሱቆች ውስጥ «ኤር ፍራየር» በሚል ስም የሚሸጠው በሞቃት አየር የሚጠብስ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይህንኑ ጥያቄ እንደገና አስነሥቷል። ጥያቄውን ከአርባ ምንጭና ከጋሞ አገር ሆኖ መመርመር የሚጠቅመው፣ በዚያ አካባቢ ደጋና ቆላ፣ እንሰትና ዓሣ፣ ጭስ ያጠቆረው ጎጆና የኤሌክትሪክ ምጣድ በአርባ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ነው።

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በተዛወረ ጊዜ፣ ከ2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1300 ሜትር ገደማ የወረደው ጽሕፈት ቤትና መዝገብ ብቻ አልነበረም። በእንሰት፣ በገብስ፣ በድንችና በጎመን የኖረው የደጋ ሰው፣ በቆሎ፣ ሙዝ፣ ሃሌኮ ወይም ሽፈራው የተባለው ቅጠልና የሐይቅ ዓሣ ካለበት ቆላ ጋር በአንድ ከተማ ተገናኘ። ዛሬ የጋሞ ዞን፣ በ2011 ዓ.ም. ከቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዞን ተለይቶ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። የአስተዳደሩ ስምና ወሰን ደጋግሞ ሲለወጥ፣ በደጋው ጎጆ ውስጥ ያለው ምድጃ ግን ከነበረበት ብዙ ፈቀቅ አላለም።

ለዚህም ምክንያቱን ኋላ ቀርነት ብቻ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። በዶርዜ የሚታየው፣ በቀርከሃ ተጠልፎ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ኮባ የሚከደነው ረጅም ቤት ከእሳቱ ተለይቶ የሚኖር አይደለም። ከምድጃው የሚነሣው ጭስ በክዳኑ ውስጥ ሠርጎ ሲወጣ ቀርከሃውን ከነቀዝና ከምስጥ ይከላከልለታል። የቤቱ እግር ከመሬት በኩል በምስጥ እየተበላ ቁመቱ ቢያጥርም፣ በጭስ የጠነከረው ጣሪያ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። እሳቱ ምግብ ያበስላል፤ በጨንቻ ብርድ ቤተሰቡንና በጎን በኩል የታሰረውን ከብት ያሞቃል፤ ቤቱንም ይጠብቃል። ይህ ጭስ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በቤት ውስጥ የማገዶና የከሰል ጭስ ምክንያት እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ቤቱን የሚያኖረው ጭስ የባለቤቲቱን ሳንባና ዓይን የሚጎዳው ያው ጭስ ነው።

የሚበስለውም ምግብ ለእሳቱ የተስማማ ነው። እንሰቱ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ ብሎም ቆጮ ሆኖ ከወጣ በኋላ፣ ሊጡ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በሸክላ ምጣድ ላይ በዝግታ ይጋገራል። ቅጠሉ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ቂጣው ሳይደርቅ ይበስላል፤ ከዚያም በዳጣ ይበላል። እዚህ ላይ ቅጠሉን ማስታወስ ያሻል፤ ምክንያቱም አዲሱ መሣሪያ የሚሠራው ከዚህ ፍጹም በተቃራኒው፣ እርጥበትን ከምግቡ ላይ ጠርጎ በማድረቅ ነውና።

ምጣዱን፣ ማሰሮውንና ጋኑን የሠራው እጅ የማን እንደነበረ ሳይነገር የጋሞ ማድ ቤት ታሪክ አይሟላም። በጋሞ የቀድሞ ሥርዓት ኅብረተሰቡ ማላ በሚባሉት ባለመሬት ገበሬዎች፣ ማና በሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ደጋላ በሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች የተከፋፈለ ነበር። ማላው በማናዋ ምጣድ ጋግሮ በማናዋ ገንቦ ውኃ ሲጠጣ ኖሮ፣ ከማና ጋር መጋባትን ግን እንደ ነውር ቆጠረው። ሸክላ ሠሪው መሬት ከተነፈገው ወይም ገደላማና ጠፍ መሬት ላይ እንዲሠፍር ከተደረገ በኋላ፣ መሬት ስለሌለው በእጅ ሥራው ብቻ እንዲኖር ተገደደ፤ በእጅ ሥራው ስለኖረ ደግሞ ተናቀ። የክብ አመክንዮ ይሏል ይህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የዚህን ሥርዓት የኢኮኖሚ ሥር ቢመታም፣ በጋብቻና በማዕድ ላይ የተንሠራፋው ንቀት በአዋጅ ብቻ የሚነቀል ሆኖ አልተገኘም።

ጆን አርተር የተባለው አሜሪካዊ የአርኪዮሎጂ ምሁር በጋሞ መንደሮች ተቀምጦ ያካሄደውንና በ2006 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣውን ጥናት በዚህ ረገድ መጥቀስ ይገባል። ምሁሩ በየቤቱ ያለውን ሸክላ አንድ በአንድ ሲመረምር፣ ጠላ የተጠመቀባቸው ጋኖች ውስጣቸው በፍላቱ አሲድ ተበልቶና ተቦርቡሮ አገኘ። ጠላ ለመጥመቅ የሚተርፍ እህል የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ የተቦረቦረ ጋን የሚገኘው በይበልጥ በሀብታሙ ቤት ነበር። የመደብ ልዩነት በሸክላ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተጽፎ ይነበባል ማለት ነው። አንድ የማድ ቤት ዕቃ ከባለቤቱ ኑሮ ተነጥሎ ሊመዘን እንደማይችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ከዚህ በኋላ የመጡት ለውጦች በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። መንገድና ነጋዴ ያመጡት የአሉሚኒየም ድስት ቀለል ያለ፣ ፈጥኖ የሚግልና ሲወድቅ የማይሰበር ስለነበር ማሰሮውን ገፋው፤ የፕላስቲክ ጄሪካን ደግሞ እንስራውን ከሴቶች ጀርባ ላይ አወረደው። ለውኃ ቀጂዋ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን ገበያ ይዛ የወጣችውን ተሸክማ ትመለስ ጀመር። አንደኛዋ ስታተርፍ ሌላዋ መክሠሯ፣ ስለ ዕድገት በሚነገርበት ጊዜ ብዙ አይወሳም።

ከተማው ሲያድግ የማገዶው ጥያቄ ገዝፎ ወጣ። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲስፋፋ፣ ሲቀላና ሴቻም በሕዝብ ሲሞሉ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ምግብ የሚያበስለው እንጨት ከየት ይምጣ? ብዙው የመጣው ከከተማው ግርጌ፣ በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው ደን ነው። ለከተማው ስም የሰጡት ምንጮች የሚፈልቁት ከዚሁ ደን ውስጥ ነው። ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን የሚወጡት ድሆች ሴቶች ደኑን የሚያራቁቱት ለደኑ ጥላቻ ኖሯቸው ሳይሆን፣ የዕለት እንጀራቸው የሌላ ቤት እንጀራ መጋገሪያ በመሆኑ ነው።

ችግሩን ለማቃለል በኢትዮጵያ የተደረጉት ሙከራዎች ጥቂት ቢሆኑም አስተማሪዎች ናቸው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለው የከሰል ማንደጃ ተሠራጩ። «ምርጥ» እሳቱን በሲሚንቶ ግድግዳ በመክበብ የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል፤ «ላቀች» በኬንያው ማንደጃ አርአያ የተሠራና በቆርቆሮ አካል ውስጥ የሸክላ ሽፋን ያለው ሲሆን፣ የከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ቢሆን ከላይ የሚታየው ገጽ ሸክላ ነው፤ በሆዱ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ የሚግለው ሽቦ ይዘረጋል። እነዚህ መሣሪያዎች ሥር የሰደዱት እንጀራውን እንጀራ አድርገው ስለተቀበሉትና የሸክላ ሠሪዋን እጅ በውስጣቸው ስላስቀሩ ነው። ምግቡ ለመሣሪያው እንዲገዛ አልጠየቁም።

ኤር ፍራየር የተወለደው ከሌላ ጥያቄ ነው። በማራገቢያ እየተነዳ በሚሽከረከር ሞቃት አየር ምግብን የማሞቅ ሐሳብ ዊልያም ማክሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1945 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ላይ የቀዘቀዘ ምግብ ለማሞቅ ወደ ሠራው ምድጃ ይመለሳል። ፍሬድ ፋን ደር ዋይ የተባለ ሆላንዳዊ ድንችን ያለ ብዙ ዘይት የሚጠብስ ትንሽ ዕቃ ለመፍጠር ደክሞ፣ ፊሊፕስ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለገበያ አቀረበው። በስሙ መጥበሻ ይባል እንጂ በአሠራሩ ትንሽ የዳቦ ምድጃ ነው። የኩባንያው ማስታወቂያ ስቡን እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል ሲል፣ የሚያነጋግረው ከበረዶ ሳጥን የወጣ ድንች በዘይት አጥልቆ መብላት የለመደውን፣ ቤተሰቡ ትንሽ፣ መብራቱም የማይጠፋበት የአውሮፓ ሰው ነበር።

ታዲያ ይህ ዕቃ አርባ ምንጭ ሲደርስ ምን ያደርጋል? እንጀራ አይጋግርም፤ ወጥ አይሠራም፤ ቡና አያፈላም፤ በቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮም ያደርቀዋል እንጂ እንደ ምጣዱ አያበስለውም። የአንድን ቤት ማገዶ የሚፈጀው ደግሞ በትክክል ይኸው ሥራ ነው። በእንጨት የሚያበስል ቤተሰብ ኤር ፍራየር ቢገዛ የማገዶው ሸክም በአንዲት ዝንጣፊ እንኳ አይቀልለትም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይሠራል፤ ዓሣ። የጫሞና የአባያ ቆሮሶ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተሰነጣጥቆ በፈላ ዘይት ሲጠበስ፣ የሥጋው ሰንጣቃ እየተከፈተ፣ ክንፉና ጅራቱ እየተንኮሻኮሸ ይወጣል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የሊቃውንቱ ነው።) ይህ የስንጠቃ ልማድ ሞቃት አየር ወደ ውስጥ እንዲገባ መንገድ ስለሚከፍት ለአዲሱ መሣሪያ የታሰበ ያስመስለዋል። ዓሣው ዘይት በስሱ ተቀብቶ ሲገባ ቆዳው ይቀላል፤ እንደ ዘይቱ ጥብስ ባይንኮሻኮሽም ይበላል። ሳምቡሳና ድንችም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት ዋጋ ባሻቀበበት ወቅት አምስት ሊትር ዘይት ከ1000 ብር በላይ መሸጡን ለሚያስታውስ የከተማ ሰው፣ ዘይት ማዳን ቀላል ነገር አይደለም።

ሒሳቡም መሠራት አለበት። የተለመደው ኤር ፍራየር ከ1400 እስከ 1700 ዋት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይስባል። 1500 ዋት የሚስብ ኤር ፍራየር 20 ደቂቃ ቢሠራ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሙሉ ሙቀቱን ይዞ አንድ ሰዓት ቢቆይ ሦስት ተኩል። ግን ትንሹ ቅርጫት ከሁለት ዓሣ በላይ ስለማይዝ፣ ስድስት ሰው ላለበት ቤት ሦስት ጊዜ ሊጠበስ ግድ ነው፤ የመጨረሻው ሲደርስ የመጀመሪያው ቀዝቅዟል። የመብራት ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ሲሆን፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ ኃይሉ ወደ አንዲት የአርባ ምንጭ ተከራይ ክፍል የሚደርሰው ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው አንድ ቆጣሪና በቀጭን ሽቦ ነው። ምድጃ እንዳትሰካ በአከራይዋ የተከለከለች ሴት ኤር ፍራየርም አትሰካም።

ስለዚህ ፍርዱ እንደ ቤቱ ይለያያል። በኤሌክትሪክ የሚያበስሉ፣ የራሳቸው ቆጣሪ ያላቸው፣ ዓሣና ድንች አዘውትረው የሚጠብሱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢገዙት ገንዘባቸው ሜዳ ላይ አልፈሰሰም። በእንጨትና በከሰል ለሚኖረው ቤት ግን ያው ገንዘብ አስቀድሞ ለ«ምርጥ» ምድጃ፣ መብራትና ቆጣሪ ካለ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ምጣድ መዋል አለበት። በዚህ ውሳኔ ላይ የመጀመሪያው ድምፅ የባለ ደመወዙ ሳይሆን፣ ከደኑ ወደ ሴቻ ዳገት እንጨት ያወጣች ወይም ጭስ ውስጥ ተቀምጣ የጋገረች ሴት ድምፅ ሊሆን ይገባል፤ እስካሁን ግን ሬድዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ድስቱም የተገዛው በአብዛኛው እርሷ ሳትጠየቅ ነው። በምሳ ሰዓት ለመቶ ሰው ዓሣ የሚያቀርቡት የአርባ ምንጭ ዓሣ ቤቶች በበኩላቸው፣ ሁለት ዓሣ በሃያ ደቂቃ የሚያወጣ ቅርጫት ይዘው ሰልፈኛ ማስተናገድ ስለማይችሉ፣ ትልቁን የዘይት ብረት ድስት ገና ለረጅም ጊዜ ከእሳቱ ላይ አያወርዱትም።