የሠዓሊዋ አርቴሚዚያ ጄንቲለስኪ ወደ ታሪክ መመለስ

አርቴሚዚያ ጄንቲለስኪ በ1593 ሮም ውስጥ ተወለደች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ኦራዚዮ ጄንቲለስኪ በዘመኑ ስም ያለው ሠዓሊ፣ የሠዓሊው የካራቫጆም አሠራር ተከታይ ነበር። እናቷ ፕሩደንዚያ በ1605 ስትሞት አርቴሚዚያ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ የሥዕል ትምህርት ቤት በር ዝግ ነው፤ እርቃን የቆመ ወንድ እያዩ መሳልም ለሴት አይፈቀድም። ሙያው በአብዛኛው የሚገኘው በቤት ውስጥ፣ ያውም አባት ሠዓሊ ሲሆንና ለማስተማር ሲፈቅድ ነበር። ኦራዚዮ ፈቀደ። ቀለም መፍጨቱንም ሸራ መወጠሩንም ከወንድሞቿ ጋር አብራ ተማረች፤ ከሁሉም በለጠች። አባትየው በ1612 ለቶስካና ታላቅ ዱቼስ በጻፈው ደብዳቤ ልጁ በሦስት ዓመት ውስጥ አቻ የማይገኝላት ሠዓሊ እንደሆነች ገልጿል።

ስሟንና ዓመቱን የጻፈችበት የመጀመሪያው ሥራዋ በ1610 የተሳለው «ሶስና እና ረበናት» ነው፤ ዛሬ የሚገኘው ጀርመን አገር ፖመርስፌልደን ውስጥ ነው። ታሪኩን የኢትዮጵያ አንባቢ ከ81ዱ መጻሕፍት ያውቀዋል፤ በገላ መታጠቢያዋ አጠገብ ሁለት ረበናት አድብተው ያስፈራሯት፣ በሐሰትም የመሰከሩባት ንጹሕ ሴት ታሪክ ነው። የዘመኑ ወንድ ሠዓሊዎች ታሪኩን የሚወዱት ባብዛኛው የሴት እርቃን ለማሳየት ስለሚመች ነበር፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ሶስና መታየቷን የጠላች አትመስልም። የ17 ዓመቷ ልጅ የሳለቻት ሶስና ግን ፊቷን አዙራ፣ ሁለት እጆቿን አንሥታ የምትከላከል ናት። ሽማግሌዎቹ ከድንጋዩ አጥር በላይ ተደርበው ይንሾካሾካሉ፤ ክብደታቸው በሙሉ እሷ ላይ ያረፈ ነው። ሥዕሉ የባለታሪኳን ጭንቀት ከራሷ ከሶስና ወገን ሆኖ ያሳያል፤ ይህም በዚያን ጊዜ እምብዛም ያልተለመደ ነበር።

በ1611 ከኦራዚዮ ጋር ለካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ጣሪያ ይስል የነበረው አጎስቲኖ ታሲ አርቴሚዚያን አስገድዶ ደፈራት። ከዚያ በኋላ አገባሻለሁ እያለ ወራት አሳለፈ፤ ሚስት ያለው ሰው መሆኑ ግን ተገለጠ። በ1612 ኦራዚዮ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ አቤት አለ። ክሱ የቀረበው በአባትየው በኩል ነው፤ በዘመኑ ሕግ የተደፈረው የቤተሰቡ ክብር ነበርና። ለወራት በዘለቀው ችሎት የቃሏን እውነተኝነት ለማረጋገጥ ጣቶቿ በገመድ ታስረው እንዲጠብቁ ተደረገ። እንጀራዋ በጣቶቿ ለሆነ ሠዓሊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ቃሏን አላጠፈችም። ታሲ ተፈርዶበት ከሮም እንዲወጣ ቢታዘዝም ኃያላን ወዳጆች ስለነበሩት ቅጣቱ በወጉ አልተፈጸመም። የችሎቱ መዝገብ እስከ ዛሬ በሮም የመንግሥት ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል።

ፍርዱ በተሰጠ ማግስት አርቴሚዚያ ፒየራንቶኒዮ ስቲያቴዚ ለተባለ የፍሎረንስ ሰው ተዳረች፤ ወደ ፍሎረንስም ሄደች። የራሷ ሰው የሆነችው እዚያ ነው። በችሎቱ ፊት መጻፍ እንደማትችልና ንባቧም ጥቂት እንደሆነ የተናገረችው ወጣት፣ በፍሎረንስ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆነች፤ ከጋሊሊዮ ጋር እስከ መጻጻፍ ደረሰች። የታላቁ ማይክል አንጄሎ የወንድም የልጅ ልጅ ለዘመዱ መታሰቢያ ባሠራው ቤት ጣሪያ ላይ እንድትስል ቀጠራት። በ1616 የፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። አምስት ልጆች ወለደች፤ ከእነርሱ ለአካለ መጠን የደረሰችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት።

በስፋት የምትታወቅበት፣ ዮዲት የጠላትን ጦር አለቃ ከገደለችበት ከመጽሐፈ ዮዲት ታሪክ የተወሰደው «ዮዲት ሆሎፎርኒስን ስትገድል» የተሰኘው ሥዕል ሁለት ቅጂ አለው። የመጀመሪያው በኔፕልስ፣ ሁለተኛውና ትልቁ በፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል። ካራቫጆ በዚሁ ርዕስ ሲስል የዮዲትን ገረድ ከረጢት ይዛ የምትጠብቅ አሮጊት አድርጓት ነበር። አርቴሚዚያ ገረዲቱን ወጣትና ጠንካራ አደረገቻት፤ ሰውየውን ከላይ ተጭና ትይዛለች። የዮዲት እጅጌ ተሰብስቧል፣ ክንዶቿ ተዘርግተዋል፤ ሰይፉ የሚሠራው ሥራ ጉልበት የሚጠይቅ መሆኑ በግልጽ ይታያል። ሁለት ሴቶች ከባድ ሥራ ተባብረው ሲሠሩ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ይህን ሥራ በታሲ ላይ እንደተወሰደ በቀል ብቻ ማንበብ የተለመደ ቢሆንም የብርሃኑን አጣጣል፣ የአንሶላውን እጥፋትና የደሙን ፍንጣቂ የቀመረችውን ባለሙያ ያስረሳል።

ቀሪው ሕይወቷ የዝውውር ነበር። በ1620 ወደ ሮም ተመለሰች፤ ከዚያ ቬኒስ፣ ከ1630 ጀምሮ ደግሞ ኔፕልስ። እዚያ የራሷን የሥዕል ቤት ከፍታ ረዳቶች አሠራች፤ ለፖትስዎሊ ካቴድራል ትላልቅ ሥዕሎች አበረከተች። በ1630ዎቹ መጨረሻ ለንደን ሄዳ በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ቤተ መንግሥት ይሠራ ከነበረው አባቷ ጋር ተገናኘች፤ ኦራዚዮም በ1639 እዚያው አረፈ። በ1640ዎቹ መጨረሻ ለሲሲሊው ሰብሳቢ ለዶን አንቶኒዮ ሩፎ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች የነጋዴ ደብዳቤዎች ናቸው። ዋጋ ትከራከራለች፤ ቅድሚያ ክፍያ ትጠይቃለች፤ የሴት ስም ሥራው እስኪታይ ድረስ ጥርጣሬ እንደሚያስነሣም በምሬት ትጽፋለች። በ1654 በሕይወት እንደነበረች ሰነድ አለ።

ከሞተች በኋላ ስሟ የደበዘዘበት ምክንያት አንድ አይደለም። የካራቫጆ ዓይነት ሥዕል በጠቅላላው ከፋሽን ወጣ፤ ካራቫጆ ራሱም ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ነበር። በእሷ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጨመረ። ያልተፈረመባቸው ሥራዎቿ ለአባቷ ወይም ለሌላ ወንድ ተሰጡ፤ በመዝገብ ላይ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው የወንድ ስም ነበርና። የኔዘርላንዷ ዩዲት ሌይስተርም ዕጣ ይኸው ነበር፤ ሥራዎቿ እስከ 1893 ድረስ በፍራንስ ሃልስ ስም ይሸጡ ነበር። ለንጉሥ ቻርልስ ሚስት የተሳለ አንድ የአርቴሚዚያ ሥዕል ደግሞ የፈረንሳይ ሠዓሊያን ሥራ ተብሎ ተመዝግቦ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት መጋዘን ቆይቶ፣ የእሷ መሆኑ ይፋ የሆነው በ2023 ነው። ሲጠገን በጀርባው የንጉሡ ምልክት ተገኘ።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሩን አቅጣጫ የለወጠው ጣሊያናዊው የሥዕል ታሪክ ምሁር ሮቤርቶ ሎንጊ ነው። በ1916 ስለ አባትና ልጅ ጄንቲለስኪ ባወጣው ጥናት የሁለቱን እጅ ለየ። ሆኖም ሥዕል የምታውቅ ብቸኛዋ ጣሊያናዊት አድርጎ ሲያሞግሳት ሌሎቹን ሴቶች ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋቸው። አርቴሚዚያን ለሰፊው አንባቢ ያደረሳት ጥናቱ ሳይሆን ባለቤቱ የጻፈችው ልብ ወለድ ነው።

ባለቤቱ ሉቺያ ሎፕሬስቲ የሎንጊ ተማሪ የነበረች፣ የሥዕል ታሪክ ያጠናች ሴት ናት፤ በድርሰት ዓለም የታወቀችው አና ባንቲ በሚል የብዕር ስም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ አርቴሚዚያ አንድ ረቂቅ ጨርሳ ነበር። በ1944 በጋ ጀርመኖች ከፍሎረንስ ሲያፈገፍጉ ድልድዮቹንና በፖንቴ ቬኪዮ አካባቢ ያሉትን ቤቶች በፈንጂ አወደሙ፤ ረቂቁም ከፍርስራሹ ሥር ቀረ። ባንቲ እንደገና ጻፈችው፤ «አርቴሚዚያ» በ1947 ታተመ። ሁለተኛው መጽሐፍ የጠፋው ግልባጭ አይደለም። ተራኪዋ ቤታቸው ከፈረሰባቸው ሰዎች ጋር በቦቦሊ የአትክልት ስፍራ ተቀምጣ ስለ ረቂቁ ታለቅሳለች፤ አርቴሚዚያም ወደ እሷ መጥታ ታነጋግራታለች፣ ታርማታለች፣ አንዳንዴም ትቃወማታለች። የት ላይ ሰነዱ እንደሚያበቃና የት ላይ ምናብ እንደሚጀምር አንባቢው በግልጽ ያያል። ስለ ተረሳች ሴት የተጻፈ ታሪካዊ ልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ታማኝ መንገድ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ምሁራኑ የመጡት ዘግይተው ነው። በ1971 አሜሪካዊቷ ሊንዳ ኖክሊን ታላላቅ ሴት ሠዓሊዎች ለምን አልኖሩም የሚለውን ጥያቄ አንሥታ፣ መልሱ ያለው በሴቶች ተሰጥኦ ሳይሆን በትምህርት ቤቶቹ፣ በአካዳሚዎቹና በቅጥር ሥርዓቱ ውስጥ መሆኑን አሳየች። በ1976 እሷና አን ሰዘርላንድ ሃሪስ በሎስ አንጀለስ ከ1550 እስከ 1950 የነበሩ ሴት ሠዓሊዎችን ሥራ በአንድ ትርኢት ሰበሰቡ። በ1989 ሜሪ ጋራርድ በአርቴሚዚያ ላይ ሰፊ መጽሐፍ አወጣች፤ የችሎቱን ምስክርነት በእንግሊዝኛ ተርጉማ በመጽሐፉ አካተተች።

የችሎቱ መዝገብ በሰፊው መነበቡ ለፈጠራ ሥራዎች በረከትም ፈተናም ሆነ። በ1997 የወጣው የአንዬስ ሜርሌ ፊልም በደፋሪና በተደፋሪ መካከል የነበረውን ነገር የፍቅር ታሪክ አደረገው። ጋራርድና የሴቶች መብት ተሟጋቿ ግሎሪያ ስታይነም ፊልሙ እውነተኛ ታሪክ እየተባለ መሸጡን በይፋ ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው ትክክል ነበር። በማሰቃያ ውስጥ እንኳ ያልተለወጠ ቃል ከ4 መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በስክሪን ላይ ሲገለበጥ ዝም ማለት አይገባም። በ1998 ፈረንሳዊቷ አሌክሳንድራ ላፒየር ለዓመታት ቤተ መዛግብት በርብራ ልብ ወለዷን አወጣች። በ2002 የታተመው የሱዛን ቭሪላንድ መጽሐፍ በችሎቱ ይጀምራል፤ ለትረካው እንዲመች የሠዓሊዋን ልጆች ወደ አንዲት ሴት ልጅ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ቅነሳ የልብ ወለድ መብት ነው። የሚያሳዝነው ግን በአብዛኞቹ ድርሰቶች ላይ ወራት የፈጀው ችሎት ከ40 ዓመት በላይ የቆየውን ሥራ መጋረዱ ነው። ኔፕልስ ውስጥ ረዳቶች ቀጥራ፣ ከሰብሳቢዎች ጋር ተከራክራ፣ ልጇን ለመዳር ጥሎሽ ያፈላለገችው የ50 ዓመት ባለሙያ ደራሲዋን ገና አላገኘችም።

ሙዚየሞች አሁን በግልጽ ይፈልጓታል። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ2018 ራሷን እንደ ቅድስት ካትሪን አድርጋ የሳለችበትን ሥዕል በ3.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ በ2020 ደግሞ ለእሷ ብቻ የተሰጠ ትርኢት አዘጋጀ። በዚያ ትርኢት ላይ ከቀረቡት መካከል በ2011 ይፋ የሆኑት ደብዳቤዎች ይገኙበታል። ለወዳጇ ለባላባቱ ፍራንቼስኮ ማሪያ ማሪንጊ በገዛ እጇ የጻፈቻቸው ሲሆኑ፣ ባንቲም ላፒየርም ቭሪላንድም መጽሐፎቻቸውን ሲጽፉ አልታወቁም ነበር። የፊደል አጣጣሏ ዘግይቶ መጻፍ የተማረ ሰው ነው፤ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቤት ዕቃ፣ ስለ ቅናትና ስለ ናፍቆት ታወራለች። በአንዳንዶቹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ደግሞ ባሏ ስቲያቴዚ ለዚያው ሰው የጻፈው ይነበባል፤ የማሪንጊ ገንዘብና ተሰሚነት የቤተሰቡ መደገፊያ ነበርና።